ሲጋራ ሲጨስበት ስለኖረ ስፖርት መኪና፦ «ሽታ ብቻ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ያገለገለ ስፖርት መኪና ስለ መግዛት የሚመክር አንድ ጽሑፍ በለቡ፣ በጀሞና በሰበታ መንገድ በምንኖር የመኪና ወዳጆች መካከል ሲዘዋወር ሰንብቷል። የጽሑፉ አቅራቢ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ውስጡ ሲጋራ ያጨስ ስለነበር ብቻ ከግዢው መሸሽ የለበትም። ነገሩ ሽታ ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ሽታውም ቢሆን በአንድ ጥሩ የላቫጆ እጥበትና መስኮት ከፍቶ በማቆየት በሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ ስፖርት መኪና የሚገዛው ለሞተሩ ስለሆነ የውስጡ ሁኔታ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዓይነት መኪና በአብዛኛው የሚሄደው አንድ ሰው በመሆኑ ሌላ የሚጎዳ የለም፤ በመጨረሻም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በተከለከለበት በዚህ ጊዜ በሲጋራው ሽታ ምክንያት የሚገኘው የዋጋ ቅናሽ ሊያመልጥ የማይገባ ትርፍ ነው።

እኔ የምተዳደረው የመኪናን የውስጥ ክፍል ማለትም ወንበሩን፣ የጣሪያ ጨርቁንና ምንጣፉን በማደስ ነው። ሰዎች ይህን ምክር ተከትለው ቢገዙ ቀጥሎ የሚመጡት እንደኔ ያለውን ባለሙያ ፍለጋ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ጥቅሜን አይነካም። ዝም ማለት ያልቻልኩት፣ ከተጠቀሱት አምስት ነጥቦች ውስጥ በከፊልም ቢሆን ትክክል ሆኖ ያገኘሁት አንዱን ብቻ ስለሆነና ከሁሉ ይበልጥ የተሳሳተው ነጥብ ልጆችን የሚነካ ስለሆነ ነው።

«ጉዳት የለውም» ከሚለው ልጀምር፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ሲጋራ መኪና ውስጥ ሲጨስ በመስኮት የሚወጣው የጢሱ ከፊል ብቻ ነው። ኒኮቲኑና አብሮት ያለው ቅባት መሰል ነገር በመስታወቱ፣ በዳሽቦርዱ፣ በጣሪያው ጨርቅና በወንበሩ ስፖንጅ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ጥቂት በጥቂት ወደ አየሩ ይመለሳል። የተጣበቀው ቅሪት ደግሞ እንደነበረ አይቆይም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕቃ ላይ የተጣበቀ ኒኮቲን በአየር ውስጥ ከሚገኝ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ውህዶችን እንደሚፈጥር አሳይተዋል፤ ጢስ የጠጣው ናሙና ለ3 ሰዓት ለዚህ አሲድ ሲጋለጥ በላዩ ያለው የናይትሮሳሚን መጠን ከ10 እጥፍ በላይ ጨምሯል። በናሙናው ብቻም አላበቁም፤ አንድ አጫሽ ይነዳው ከነበረ መኪና ውስጥ ጠርገው በወሰዱት ላይም እነዚሁ ውህዶች ተገኝተዋል። ከእነሱ መካከል ኤንኤንኤን እና ኤንኤንኬ የሚባሉትን ሁለቱን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር በአንደኛው ምድብ መድቧቸዋል።

ይህ ናይትረስ አሲድ ሩቅ ያለ ነገር አይደለም፤ ከተሽከርካሪ ጭስ ማውጫ ይወጣል። በቃሊቲና በአቃቂ መስመር ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትንና ከዚያ የሚመለሱትን ከባድ መኪኖች ተከትሎ በየቀኑ የሚሄድ ሰው የሚስበው አየር ምን እንደሚመስል እያንዳንዳችን እናውቃለን። ሲጋራ የጠገበ መኪና በዚያ መንገድ ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ሲጓዝ ለዚህ ለውጥ የሚያስፈልጉት ሁለቱም ነገሮች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ይታመማል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ በየቀኑ ለዓመታት የሚቀመጡበትን ቦታ «ሽታ ብቻ» ብሎ ማለፍ ከሚታወቀው ጋር የሚጋጭ መሆኑን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊውን በሙያዬ መሞገት ስላለብኝ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በላቫጆ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። ውጩ በውሃ ግፊት ይታጠባል፤ ምንጣፉ ወጥቶ ይራገፋል፤ ውስጡ በቫኪዩም ይሳባል፤ ዳሽቦርዱ ይወለወላል፤ በመጨረሻም ሽቶ ይረጫል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን በሚገባ ቢሠሩም እጃቸው የሚደርሰው ዓይን የሚያየው ላይ ብቻ ነው። የሲጋራው ቅሪት የተቀመጠው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ወዲያ ነው።

የጣሪያ ጨርቅ የምንለውን እንውሰድ። ይህ ክፍል አንድ ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ከላይ በቅርጽ የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያም የምናየው ጨርቅ ሆኖ ሦስቱ በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው። ጢስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ የስፖርት መኪና ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከአጫሹ አፍ እስከ ጨርቁ ያለው ርቀት ከሌላው መኪና ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ከፍተኛውን ጢስ የሚጠጣው ያ ስስ ስፖንጅ ነው። እሱን ለማጠብ በውሃና በሳሙና ያራሱት እንደሆነ ማጣበቂያው ይለቅና ጨርቁ ከነጂው ራስ ላይ ይንጠለጠላል፤ ላዩን ብቻ ጠርገው የተዉት እንደሆነ ስፖንጁ ያለውን እንደያዘ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ሰሌዳውን በሙሉ አውርዶ ጨርቁንና ስፖንጁን መቀየር ነው። ባለ ሁለት በር መኪና ላይ ይህን ለማድረግ የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ የጣሪያ መብራቱና የምሰሶዎቹ ሽፋን ሁሉ መፈታት አለባቸው፤ ሰሌዳው ሳይታጠፍ የሚወጣውም በኋላ በር ወይም የፊት መስታወት ተነሥቶ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሥራው ባትሪ ተነቅሎ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ መሠራት ይኖርበታል።

ወንበሩም እንዲሁ ነው። የስፖርት መኪና ወንበር ሰውነትን አቅፎ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ስፖንጁ ወፍራም ነው፤ ቆዳ የለበሰ ቢሆን እንኳ በስፌቱና በትንንሾቹ ቀዳዳዎች በኩል ጢስ ወደ ውስጥ ይገባል። በእኛ ዘንድ የተለመደው መፍትሔ በላዩ ሌላ ልብስ አሰፍቶ ማልበስ ነው። ሽታው ለጊዜው ይታፈናል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ የከፋም አለ፤ በብዙ ስፖርት መኪኖች የጎን ኤርባጉ የተቀመጠው በወንበሩ መደገፊያ ጎን ውስጥ ነው፤ ለዚያ ወንበር ታስቦ ያልተሰፋ ወፍራም ልብስ ሲለብስበት በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ በሚገባ ላይከፈት ይችላል። ሽታ ለመሸፈን ሲባል የነፍስ መከላከያን መዝጋት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ወንበሩን ስንሠራም ይህን ለባለቤቱ ሳልናገር አልቀርም።

የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ቢያሸቱት የማታውቁትን ብዙ ይነግራችኋል፤ ተጠቅልሎ የሚኖረው ክፍል ታጥቦ አያውቅምና። ሆኖም ቀበቶን በበረኪና ወይም በሌላ ኃይለኛ ኬሚካል ማጠብ ክሩን ስለሚያዳክም በቀላል ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ አለበት። ኤሲውም ሌላ መሸሸጊያ ነው። አጫሹ የውስጡን አየር ብቻ የሚያሽከረክረውን ቁልፍ ተጭኖ ይጓዝ ከነበረ ጢሱ ደጋግሞ በማራገቢያውና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፏል። ፊልተሩን መቀየር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ማጽዳት ግን በብዙ መኪኖች ላይ ዳሽቦርድ እስከ ማስፈታት ይደርሳል።

መስኮት ከፍቶ ስለ ማቆየት የተሰጠውን ምክር በተመለከተ፣ በአሜሪካ በሳንዲያጎ ለሽያጭ የቀረቡ ያገለገሉ መኪኖችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። በአጫሾች መኪኖች ውስጥ በአየሩ፣ በአቧራውና በዕቃዎቹ ገጽ ላይ የተገኘው ኒኮቲን ሲጋራ ካልተጨሰባቸው መኪኖች የበለጠ ነበር፤ ባለቤቶቹ አየር ለማስገባትና ለማጽዳት ያደረጉት ጥረትም ቅሪቱን ሲያስወግደው አልታየም። ወደ እኛ ሁኔታ ስንመጣ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በየመንደሩ ዳር ከሰዓት በኋላ መኪና አቁሞ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ጫት እየቃሙ ማጨስ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ለሰዓታት የተጨሰበት መኪና በጉዞ ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ከተጨሰበት ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ አስፋልት ባልደረሰባቸው መንደሮቻችን ያለው አቧራ ተጣባቂ በሆነው የጢስ ቅሪት ላይ ሲያርፍ አብሮት ይደርቅና ለማጽዳት የሚያስቸግር ንጣፍ ይሆናል።

ጸሐፊው ከጠቀሷቸው የቤት ውስጥ መላዎች ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ይገኙበታል። ሁለቱም ፋይዳ ቢኖራቸውም ከተባለላቸው በታች ነው። ኒኮቲን በባሕርዩ ከአሲድ ጋር የሚዋሃድ ስለሆነ በኮምጣጤ ውሃ ጠርጎ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ማንሳት መስታወትንና ፕላስቲክን በጥሩ ሁኔታ ያጸዳል። ስፖንጅ ላይ ረጭቶ መተው ግን ኒኮቲኑን በዚያው በጨው መልክ ያስቀረዋል እንጂ አያወጣውም። ቤኪንግ ሶዳ የሚይዘው በተለይ አሲድነት ያለውን ሽታ ስለሆነ እንደ ኒኮቲን ባሉት ላይ አቅሙ አነስተኛ ነው። ዕጣን ማጨስና ቡና ማስቀመጥ ደግሞ ሽታን በሌላ ሽታ መሸፈን ነው፤ ዕጣኑም ራሱ ጢስ በመሆኑ በጣሪያው ጨርቅ ላይ ሌላ ንጣፍ ይጨምራል። አንዳንዶች የሚያከራዩት የኦዞን ማሽን እውነተኛ ኬሚካላዊ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ኦዞን ከኒኮቲን ጋር ሲገናኝ እጅግ ደቃቅ ብናኞችን ይፈጥራል፤ የመኪናውን ጎማ ነክ ክፍሎችም ያደርቃል። ስለዚህ የጨርቅና የስፖንጅ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ተሠርቶ፣ መኪናው በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ካልሆነ በቀር ቀዳሚ መፍትሔ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። ለመሆኑ «ሁለት ሳምንት» የሚለው ከየት መጣ? የሰው አፍንጫ ያንኑ ሽታ በተከታታይ ሲያሸት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለምደው፣ ባለቤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽታው ጠፋ ሲል ብዙውን ጊዜ የተለወጠው መኪናው ሳይሆን እሱ ነው። እንግዳ ሲሳፈር ይናገራል።

እዚህ ላይ ለመኪና ምርመራ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ ብርድ ማለዳ ላይ፣ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው የሚታይ መኪና ምንም አይሸትም፤ ሻጮችና ደላሎችም ይህን ያውቃሉ። ሙቀት ሲጨምር ከስፖንጅና ከጨርቅ የሚወጣው ቅሪት ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ቀጠሮውን እኩለ ቀን ላይ ያድርግ፤ መኪናው መስኮቱ ተዘግቶ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዲቆም ይጠይቅ፤ በሩን ራሱ ይክፈትና የመጀመሪያውን እስትንፋስ ያስተውል። ከዚያ በኋላ ኤሲውን በውስጥ አየር ማሽከርከሪያው ያስነሳና ያሽትት። እርጥብ ነጭ ሶፍት በፊት መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሳልፍ፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ መልሱን አግኝቷል። የፀሐይ መከላከያውን አውርዶ ከጀርባው የተሸፈነውን የጣሪያ ጨርቅ ከተቀረው ጋር በቀለም ያነጻጽር፤ በወንበሩ ሐዲድ ሥር አመድ፣ በወንበሩ ጠርዝና በበሩ ልብስ ላይ የእሳት ጠባሳ ይፈልግ። አዲስ ሽቶ ተሰቅሎ ወይም ወንበሩ በቅርቡ ለብሶ ካገኘው የተሸፈነ ነገር እንዳለ ይጠርጥር። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ደግሞ ምንጣፉን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ንጣፍ በእጁ ይዳስስ፤ ለሽያጭ ሲባል በችኮላ የታጠበ ንጣፍ በክረምት ስለማይደርቅ በሲጋራው ሽታ ላይ የሻጋታ ሽታ ይጨመርበታል።

ሦስተኛው ነጥብ ሞተርን ይመለከታል፤ በከፊል እውነት ነው ያልኩትም ይህ ነው። ሲጋራ ሞተርንም ሆነ ካምቢዮን አይነካም፤ ሞተሩ ያረጀበትን ወይም ፍሪሲዮኑ ያለቀበትን መኪና ውስጡ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ መግዛትም ስሕተት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ውስጡን ሁለተኛ ማድረግ አዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው አያዋጣም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቁጥር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 180 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና 2,300 ሜትር አካባቢ ባለችው ከተማችን ወደ 140 ዝቅ ይላል፤ ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቀሪውን ጉልበት የሚጠቀምበት መንገድም ብዙ የለም። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሰፈር መንገዶቻችን ደግሞ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሞላባቸው ናቸው፤ ዝቅ ያለ መኪና በእነሱ ላይ የሚሄደው ጥግ ጥጉን እየያዘ በቀስታ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ባለቤት አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈው በጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ በዘገየ ሰልፍ ውስጥ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ያገኘው ነገር ትልቁ ክፍል ያ መቀመጫ ስለሆነ፣ ከሞተሩ እኩል ሊመረመር ይገባዋል።

«የሚሄድበት አንድ ሰው ነው» የተባለው ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ነው። በእኛ ኑሮ መኪና ያለው ሰው ለብቻው አይነዳም። እናቱን ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ጎረቤት ምጥ ቢይዛት በሌሊት የሚጠራው እሱ ነው፤ ስፖርት መኪና ደግሞ በሰርግ ጊዜ ለሙሽራና ለሚዜ ተፈላጊ ነው። ከዚህም በላይ ጸሐፊው ያላስተዋሉት ነገር አለ። በብዙዎቹ ባለ ሁለት በር መኪኖች ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አሉ፤ ጣሪያው ወደ ኋላ ስለሚወርድና የእግር ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጎልማሳ ሰው አይቀመጥባቸውም። የሚቀመጥባቸው ልጅ ነው። የኋላ መስኮቶቹም አብዛኛውን ጊዜ የማይከፈቱ ስለሆኑ በመኪናው ውስጥ አየር ከሁሉ ያነሰ የሚዘዋወርበት ቦታ ያ ነው፤ በላቫጆም የተሟላ እጥበት የሚደርሰው ለዚያ ወንበር አይደለም። ልጆች የነኩትን ነገር ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር የሚተነፍሱት አየርም ከአዋቂ ይበልጣል። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የትምባሆ ምርት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሲጋራ መግዛት የማይችል ልጅ የሌላ ሰው ሲጋራ ቅሪት ባለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ትምህርት ቤት እንዲመላለስ መምከር የዚህን ጥበቃ ሐሳብ ይቃረናል።

ጸሐፊው የመጨረሻ አድርገው ያነሡት ዋጋን ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት ስፖርት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ከመዘዋወር በቀር እንደማይጨምሩ እውነት ነው። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ዋጋ ሰቅሎ ነበር። ከዚህ ጸሐፊው የሚያወጡት ድምዳሜ «የተገኘውን ያዝ» የሚል ነው። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። አማራጭ በጠበበ ቁጥር መኪናው ከገዢው ጋር የሚቆየው ለረጅም ጊዜ ይሆናል፤ መለዋወጫውም እየራቀ ይሄዳል። የኮሮላ ወንበርና የጣሪያ ሰሌዳ ሶማሌ ተራ ሄዶ መምረጥ ይቻላል፤ ሴሊካን የመሰለ ባለ ሁለት በር መኪና ሲሆን ግን ያው ዕቃ እንደ ዕድል የሚገኝ ነው። ስለዚህ በኮሮላ ላይ ቀላል የነበረው ጥገና እዚህ ላይ ከባድ ይሆናል፤ በደላላ በኩል የሚቀነሰው ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሽታው ተብሎ የሚሰጥ ማስተዛዘኛ እንጂ በዚህ ሥራ ልክ የተሰላ አይደለም። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ገዢው መኪናውን ለውስጥ ክፍል ባለሙያ አሳይቶ የጣሪያውን፣ የአራቱንም ወንበሮች ስፖንጅና ልብስ፣ የምንጣፍ ሥር ንጣፉንና የኤሲውን ሥራ በጽሑፍ ያስገምት። ቅናሹ ያንን የማይሸፍን ከሆነ ርካሽ የተባለው መኪና ውድ ነው። የሚሸፍን ከሆነና ገዢው ሥራውን በእርግጥ ለማሠራት ከወሰነ፣ በቤቱም ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ከሌለ፣ ግዢውን አልቃወምም።

ሕጉንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ይሁን እንጂ ገዢ በውሉ ጊዜ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ከጊዜ በኋላ በሻጩ ላይ ማንሳት አይችልም፤ ዕቃውን ሲረከብም መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የጽሑፉን ምክር ተከትሎ «ሽታ ብቻ ነው» ብሎ የገዛ ሰው ይህን መብቱን አስቀድሞ ትቷል ማለት ነው። ሻጩ መኪናው ውስጥ ተጨሶ አያውቅም የሚል ከሆነ ግን ይህ ቃሉ ውልና ማስረጃ ከመሄዳቸው በፊት በውሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በሐቅ የሚናገር ሻጭ አይከፋውም፤ ካመነታም ገዢው ያንን እኩለ ቀን ላይ ከሚደረገው ምርመራ ጋር አያይዞ ይመዝነው።

የጽሑፉን አቅራቢ በአካል አላውቃቸውም፤ ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ የጻፉትን ሳነብ መኪና የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን ተረድቻለሁ። በዚህ ምክንያት አንድ ነገር በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ላቫጆውም ሆነ ስለ ዋጋው ባንስማማ ክርክሩ ሊቀጥል ይችላል። «ሌላ የሚጎዳ የለም» የሚለውን አንቀጽ ግን ከጽሑፉ ያውጡት፤ በምትኩም ከመግዛቱ በፊት በኋላ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ገዢው ራሱን እንዲጠይቅ የሚያሳስብ መስመር ያስገቡበት። ጽሑፉ አሁንም እየተዘዋወረ ስለሆነ፣ እርማቱ በወጣበት መንገድ በዚያው ቢተላለፍ ያነበቡትን ሰዎች ሳይዘገይ ያገኛቸዋል።